ሁለት ሕገ መንግሥቶችንና የዳኞቻቸውን ትርጓሜ እንዴት እናነጻጽር? ደረጃ በደረጃ

"ሁለት ሕገ መንግሥቶችን አነጻጽር ተባልኩ፤ ከየት ልጀምር?" ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ የሕግ ተማሪዎች ናቸው፣ ጋዜጠኞች ናቸው፣ አንዳንዴም የክርክር ውድድር ያለባቸው ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ዘርግተው አንቀጽ በአንቀጽ ማዛመድ ይጀምራሉ። ትንሽ እንደሄዱ ይደክማቸዋል። በመጨረሻ እጃቸው ላይ የሚቀረው "እዚህ አለ፣ እዚያ የለም" የሚል ዝርዝር ብቻ ነው።

አንድ የሕገ መንግሥት አንቀጽ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የሚለየው ዳኛ ፊት ሲቀርብ ነው። ስለዚህ የምታነጻጽሩት ሁለት አገሮች ለአንድ ጥያቄ የሰጡትን መልስና ወደዚያ መልስ የደረሱበትን መንገድ ነው። ከታች ያለው አሠራር ከዚህ ይነሳል። ምሳሌዬ በአብዛኛው የሞት ቅጣት በአሜሪካና በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሁለቱ ፍርድ ቤቶች በጉዳዩ ላይ ምክንያታቸውን በሰፊው ጽፈዋል። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር

- የሁለቱም ሕገ መንግሥቶች ሙሉ ጽሑፍ፣ ማሻሻያዎቹ በሙሉ ያሉበት። ከመንግሥት ወይም ከፍርድ ቤት ድረ ገጽ የወጣ ቢሆን ይመረጣል።
- ከየአገሩ ቢያንስ ሁለት ፍርዶች፣ ሙሉ ቃላቸው። የጋዜጣ ዘገባ ወይም ማጠቃለያ አይተካቸውም።
- ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ። ወረቀት ላይም ኮምፒውተር ላይም ይሆናል።
- ሁለት ቀለም ማድመቂያ። አንዱ ሕገ መንግሥቱ ለሚለው፣ ሌላው ዳኛው ለሚለው።
- የሕግ መዝገበ ቃላት።
- ጊዜ። አራት ፍርድ በደንብ ለማንበብ አንድ ሳምንት ብዙ አይደለም።

1. ጥያቄያችሁን አጥብቡ

"የአሜሪካንና የደቡብ አፍሪካን ሕገ መንግሥት ማነጻጸር" ጥያቄ አይደለም፤ ርዕስ ነው። ጥያቄ ማለት "መንግሥት ወንጀለኛን በሞት መቅጣት ይችላል ወይ?" የሚለው ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የየትኛውም አገር ሕግ ቃል እንዳይገባ ተጠንቀቁ። "ጨካኝና ያልተለመደ ቅጣት ነው ወይ?" ብላችሁ ብትጀምሩ ይህ አገላለጽ የአሜሪካው 8ኛ ማሻሻያ ነው። ደቡብ አፍሪካን በአሜሪካ መነጽር ማየት ትጀምራላችሁ፤ ሳይታወቃችሁ።

2. አገሮቹን በምክንያት ምረጡ

"ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ" በቂ ምክንያት አይደለም። ወይ ጽሑፋቸው ተቀራራቢ ሆኖ ፍርዳቸው የተለያየ ይሁን፣ ወይ ጽሑፋቸው ተለያይቶ ፍርዳቸው የተቀራረበ። ያኔ "ለምን?" የሚባል ነገር ይኖራል። ጀርመንን ለሞት ቅጣት ጥያቄ ብትመርጡ ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ የ1949ኙ መሠረታዊ ሕግ (የጀርመን ሕገ መንግሥት ስሙ ይህ ነው) በአንቀጽ 102 የሞት ቅጣት ቀርቷል ብሎ በግልጽ ደንግጓል። ቅጣቱ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ ዳኛ የሚጨነቅበት ነገር የለም።

3. በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያዙ

አሜሪካ ማሻሻያዎቿን ከዋናው ጽሑፍ ኋላ ትቀጥላለች፤ የተሻረውም እዚያው ታትሞ ይቀመጣል። የአልኮል መጠጥን የከለከለውን 18ኛውን ማሻሻያ ዛሬም ታነቡታላችሁ፤ በ1933 በ21ኛው ተሽሯል። ጀርመን ግን ማሻሻያውን በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ታስገባለች፤ አሮጌው ቃል ከጽሑፉ ይወጣል። ይህን ሳያዩ የሞተ ድንጋጌ ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

የትኛው ቋንቋ ገዥ እንደሆነም እዩ። የጀርመኑ ሕግ ገዥ ቃል ጀርመንኛው ነው። ደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥቷን በበርካታ ቋንቋዎች አትማለች፤ ሆኖም አንቀጽ 240 ጽሑፎቹ ሲጋጩ እንግሊዝኛው ይጸናል ይላል። ክርክሩ በአንድ ቃል ላይ ሲሆን ይህች ትንሽ መረጃ ብዙ ታድናችኋለች።

ማስጠንቀቂያ፦ አንቀጽ ቆጥራችሁ አታወዳድሩ። "አሜሪካ 7 አንቀጽ፣ ደቡብ አፍሪካ 243" የሚል ንጽጽር ምንም አይነግራችሁም። የአሜሪካው "አንቀጽ" እንደ ምዕራፍ ነው፤ በውስጡ ብዙ ክፍሎች አሉት። የደቡብ አፍሪካው አንድ ቁጥር አንድ ድንጋጌ ነው።

4. የመተርጎም ሥልጣን የማን እንደሆነ አጣሩ

ይህን ደረጃ መዝለል የተለመደ ነው። ሰው ሁሉ "ፍርድ ቤቱ" ይላል፤ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ግን ከአገር አገር ይለያያል።

አሜሪካ ውስጥ ተራ ፍርድ ቤትም ሕግን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጽሑፉ ይህን ሥልጣን በግልጽ አይሰጥም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1803 በማርበሪ እና በማዲሰን ክርክር ከጽሑፉ አውጥቶ አጸናው። በደቡብ አፍሪካ ሥልጣኑ አንቀጽ 172 ላይ ተጽፏል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፓርላማን ሕግ ውድቅ ቢያደርግ እንኳ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እስኪያጸናው ድረስ ውጤት የለውም። በጀርመን ተራ ዳኛ የፓርላማን ሕግ በራሱ አይጥልም፤ በአንቀጽ 100 መሠረት ጉዳዩን አቁሞ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይልካል። በኔዘርላንድ አንቀጽ 120 ዳኞች የፓርላማ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይስማማ አይስማማ ብለው እንዳይመረምሩ ይከለክላል። በኢትዮጵያ ደግሞ የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ ሐሳቡን ያቀርብለታል።

ሰንጠረዣችሁ ላይ እነዚህን አራት ጥያቄዎች መልሱ፦ ማን ይተረጉማል? ጉዳዩን ማን ያቀርባል? መቼ? ውሳኔው ምን ያስከትላል? ሁለተኛው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። አሜሪካ ውስጥ የተጎዳ ተከራካሪ ያለበት እውነተኛ ክርክር መኖር አለበት። በደቡብ አፍሪካ ግን ከብሔራዊ ሸንጎው አባላት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው፣ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን በፈረመ በ30 ቀን ውስጥ አዲሱን ሕግ ወደ ፍርድ ቤቱ መውሰድ ይችላሉ። ሕጉ ገና ማንንም ሳይነካ የሚጻፍ ፍርድና የአንድ እስረኛ ሕይወት የተንጠለጠለበት ፍርድ አጻጻፋቸው አንድ አይሆንም።

የዳኞቹን የሥራ ዘመንም ጻፉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 9 ዳኞች አሉት፤ የሥራ ዘመናቸው ገደብ የለውም። የጀርመኑ 16 ናቸው፤ 12 ዓመት አገልግለው ይወጣሉ፤ ድጋሚ አይመረጡም።

5. ሦስት ዓይነት ድንጋጌ ፈልጉ

አንድ አንቀጽ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ለእያንዳንዱ አገር እነዚህን ሦስቱን አውጡ፦

ሀ. መብቱን የሚሰጠው። በ1996ቱ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት አለው ይላል፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የአሜሪካው 5ኛ ማሻሻያ ደግሞ ማንም ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ሕይወቱን እንዳያጣ ይላል፤ በሞት ስለሚያስቀጡ ወንጀሎችም ያነሳል። ልዩነቱን አያችሁት? የአሜሪካው ቃል ሕይወት በሕግ ሥርዓት ሊጠፋ እንደሚችል ከመነሻው አስቦ የተጻፈ ነው።

ለ. መብቱን የሚገድበው። በደቡብ አፍሪካ አንቀጽ 36 ለሁሉም መብቶች የሚሆን አንድ የገደብ ሚዛን ያስቀምጣል። የአሜሪካው ጽሑፍ እንዲህ ያለ አጠቃላይ የገደብ ድንጋጌ የለውም። ስለዚህ የአሜሪካ ዳኞች ገደቡን ከመብቱ ትርጉም ውስጥ ይፈልጉታል፤ መመዘኛውንም በፍርዶቻቸው ራሳቸው ሠርተውታል።

ሐ. እንዴት እንደሚተረጎም የሚናገረው። የደቡብ አፍሪካው አንቀጽ 39 ዳኛው ዓለም አቀፍ ሕግን ማየት ግዴታው እንደሆነ፣ የሌላ አገርን ሕግ ደግሞ ማየት እንደሚችል ይናገራል። የአሜሪካው ጽሑፍ በዚህ ላይ ዝም ብሏል። ዝምታውንም ሰንጠረዡ ላይ ጻፉት፤ ባዶ አትተዉት። ዳኞቹ የሚከራከሩት ብዙ ጊዜ በዚያ ዝምታ ላይ ነው።

6. ፍርዱን በሥርዓት አንብቡ

የሥራው ትልቁ ክፍል ይህ ነው። ፍርድ ስታነቡ በዚህ ቅደም ተከተል ማስታወሻ ያዙ፦ ፍሬ ነገሩ (ምን እንደተፈጸመ)፣ ጭብጡ (ፍርድ ቤቱ የሚመልሰው ጥያቄ)፣ የተጠቀሰው ድንጋጌ፣ ሐተታው (ዳኞቹ የሰጡት ምክንያት)፣ ውሳኔው፣ የልዩነት ሐሳቡ (በድምፅ የተሸነፉት ዳኞች የጻፉት)።

ከሁሉ በፊት ግን ፍርዱ በየትኛው ሕገ መንግሥት እንደተሰጠ እዩ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሞት ቅጣትን የሻረበት የማክዋንያኔ ፍርድ የተሰጠው በ1995 ነው። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት ያኔ አልነበረም። ፍርዱ የቆመው በ1993ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ላይ ነው፤ እዚያ ሕይወት አንቀጽ 9፣ ገደቡ አንቀጽ 33፣ የትርጓሜ ድንጋጌው አንቀጽ 35 ነው። በፍርዱ ውስጥ ዳኞች "ኡቡንቱ" የሚለውን ሐሳብ ያነሳሉ፤ ሰው በሰውነቱ የሚከበርበት፣ በመተሳሰብ የመኖር እሴት ነው። ቃሉ በጊዜያዊው ሕገ መንግሥት መዝጊያ ላይ ነበር። በ1996ቱ ጽሑፍ ብትፈልጉት አታገኙትም። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ "ዳኞቹ ከየት አመጡት?" ብሎ ይከሳቸዋል፤ ዳኞቹ ግን ከፊታቸው የነበረውን ጽሑፍ ነው ያነበቡት።

ቀጥሎ ድምፅ ቁጠሩ፤ ቁጥሩን ብቻ ግን አትመኑ። አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 የቀረቡለትን የሞት ቅጣቶች የሻረበት የፈርማን ፍርድ 5 ለ4 ነው። ዘጠኙም ዳኞች የየራሳቸውን ሐሳብ ጻፉ። ከአምስቱ የሞት ቅጣት በማንኛውም ሁኔታ አይፈቀድም ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስቱ የተቃወሙት ቅጣቱ በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረበትን አካሄድ ነው። "አሜሪካ በ1972 የሞት ቅጣት በባሕርዩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለች" ብላችሁ ብትጽፉ ስሕተት ነው። በ1976 የግሬግ ፍርድ ሲመጣ 7 ለ2 ሆኖ የጆርጂያ አዲስ ሕግ ጸደቀ፤ አካሄዱ ተስተካክሏል ተብሎ። የ1972ቱን ሐተታ በደንብ ያነበበ ሰው የ1976ቱ አይደንቀውም።

በማክዋንያኔም 11ዱም ዳኞች ጽፈዋል፤ በውሳኔው ግን ሁሉም ተስማምተዋል። ብዙ ሐሳብ መጻፉ መከፋፈልን ያሳያል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ታያላችሁ።

7. ዳኞቹ የሄዱበትን መንገድ ስም ስጡት

እያንዳንዱን የሐተታ አንቀጽ ስታነቡ ጠርዙ ላይ አንድ ቃል ጻፉ፦ "ቃሉ" (ዳኛው የጽሑፉን ቃል ይተነትናል)፣ "ጥንት" (ሲጻፍ ምን ማለት ነበር ይላል)፣ "ዓላማ" (ድንጋጌው ለምን ተጻፈ ይላል)፣ "ቀደምት ፍርድ"፣ "ሚዛን" (የገደቡን ጥቅምና ጉዳት ይመዝናል)፣ "የውጭ ሕግ"። አንድ ፍርድ አንብባችሁ ስትጨርሱ ጠርዙ ራሱ ይናገራል።

እስቲ በምሳሌያችን እንሞክረው። የሁለቱም አገር ዳኞች "ሕዝቡ የሞት ቅጣትን ይደግፋል" የሚል ክርክር ገጥሟቸዋል። በግሬግ ይህ ትልቅ ቦታ ነበረው። ጨካኝ የሚባለው ምን እንደሆነ የሚለካው ከኅብረተሰቡ የሥነ ምግባር ዕድገት ጋር ነው ስለተባለ፣ ከፈርማን በኋላ ቢያንስ 35 ክፍለ ግዛቶች አዲስ የሞት ቅጣት ሕግ ማውጣታቸው እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። በማክዋንያኔ ግን ፍርድ ቤቱ የሕዝብ አስተያየት ብቻውን ጉዳዩን አይወስንም አለ። መብት የተጻፈው ብዙኃኑ ሊገፋቸው የሚችሉትን ለመጠበቅ ነው ብሎ ተነሳ።

አንድ ዓይነት እውነታ፣ በአንዱ ዘንድ ማስረጃ፣ በሌላው ዘንድ ከመንገድ የሚያሳስት። ለእኔ ማነጻጸር የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው፤ በአንቀጽ ዝርዝር ይህ በጭራሽ አይገኝም።

ሁለተኛ ምሳሌ፦ የማስረዳት ሸክም። በደቡብ አፍሪካ ዳኛው በሁለት እርምጃ ይሄዳል። መጀመሪያ "መብቱ ተነክቷል ወይ?" ይላል። ከተነካ "ገደቡ ተገቢ ነው ወይ?" ይላል፤ ይህን የሚያስረዳው መንግሥት ነው። በማክዋንያኔ ዐቃቤ ሕጉ የሞት ቅጣት ወንጀልን ያስፈራል ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ከዕድሜ ልክ እስራት የበለጠ እንደሚያስፈራ አልተረጋገጠም አለ፤ ዐቃቤ ሕጉ ተረታ። በግሬግም የማስፈራት ኃይሉ አከራካሪ መሆኑ ታምኗል፤ ነገር ግን ጥርጣሬው ለሕግ አውጪው ጠቀመ። አለመተማመኑ በሁለቱም ዘንድ ነበር። ልዩነቱ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ነው የሚለው ነው።

8. ዳኞቹ ወደ ውጭ አገር ሕግ መመልከት አለመመልከታቸውን መዝግቡ

ዳኞቹ አንዱ የሌላውን አገር ፍርድ ያነባል ወይ? ማክዋንያኔ የአሜሪካን ፍርዶች በሰፊው መርምሮ ሕገ መንግሥቶቹ የሚለያዩበትን አሳይቶ አልፏቸዋል። አሜሪካ ውስጥ በ2005 በሮፐር ፍርድ ወንጀሉን ሲፈጽም ከ18 ዓመት በታች የነበረ ሰው በሞት እንዳይቀጣ ሲወሰን፣ አብላጫው የሌላውን ዓለም ልምድ መደምደሚያውን የሚያጠናክር አድርጎ ጠቀሰ። ዳኛ ስካሊያ በልዩነት ሐሳባቸው ይህን አጥብቀው ነቀፉ። ደረጃ 5 ላይ "ዝም ብሏል" ብላችሁ የጻፋችሁትን አሁን ተመልሳችሁ እዩት።

9. ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለዩ

አሁን ሰንጠረዡ ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ልዩነት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ጽሑፉ ነው ያመጣው፣ ሥልጣኑ ነው፣ ወይስ ዳኞቹ የመረጡት መንገድ?

መፈተኛው ቀላል ነው። ጽሑፎቹን በሐሳባችሁ አቀያይሩ። የአሜሪካ ዳኞች የደቡብ አፍሪካን የገደብ ድንጋጌ ቢይዙ ያው ውጤት ይመጣ ነበር ወይ? "አዎ" ካላችሁ ምክንያቱ ጽሑፉ አይደለም፤ ከዳኞቹ ዘንድ ፈልጉ። "አይ" ካላችሁ የትኛው ቃል ውጤቱን እንደሚቀይር በጣታችሁ አሳዩ። ማሳየት ካልቻላችሁ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

10. ጻፉት

አገር በአገር አትጻፉ። ግማሹ ስለ አሜሪካ፣ ግማሹ ስለ ደቡብ አፍሪካ ከሆነ ንጽጽሩን ለአንባቢው ተዋችሁለት ማለት ነው። በነጥብ ጻፉ፦ የሕዝብ አስተያየት፣ የማስረዳት ሸክም፣ የውጭ ሕግ። በእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ሁለቱም አገሮች ይታዩ። የምትጠቅሱት ሁሉ አንቀጽ ቁጥር ወይም የፍርዱ አንቀጽ ይኑረው።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- ተመሳሳይ ቃል ተመሳሳይ ትርጉም አለው ብሎ መነሳት። የአሜሪካው 8ኛ ማሻሻያ "ጨካኝና ያልተለመደ" ይላል፤ የደቡብ አፍሪካው "ጨካኝ፣ ኢሰብዓዊ ወይም አዋራጅ"። አንዱ "ና" አለው፣ አንዱ "ወይም"። በሁለተኛው አንዱ ብቻ ከተሟላ ይበቃል። በትርጉም ሥራ ይህች ፊደል ከጠፋች ንጽጽሩ አብሮ ይጠፋል።
- የልዩነት ሐሳብን እንደ ሕግ መጥቀስ። ጥሩ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ግን የተሸነፈው ወገን ነው። ስትጠቅሱት "በልዩነት ሐሳባቸው" የሚለውን አትርሱ።
- አንድ ፍርድ ይዞ ስለ አገሩ ሁሉ መናገር። በ1972 ያቆመ ሰው አሜሪካን አላወቃትም። ከያዛችሁት ፍርድ በኋላ የመጣ ፍርድ መኖር አለመኖሩን ሁልጊዜ አጣሩ።
- ውሳኔውን ይዞ መፍትሔውን መርሳት። በደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ውድቅ አድርጎ፣ ፓርላማ እስኪያስተካክለው ድረስ ውድቅነቱን ለተወሰነ ጊዜ ሊያቆየው ይችላል። "ተሻረ" ብላችሁ የጻፋችሁት ሕግ ለተወሰኑ ወራት አሁንም እየሠራ ሊሆን ይችላል። የፍርዱን የመጨረሻ ገጽ፣ ትእዛዙን፣ ቃል በቃል አንብቡ።
- የማሻሻያ ድንጋጌውን አለማየት። ሕዝቡ ወይም ፓርላማው ፍርድን በማሻሻያ መመለስ ይችላል ወይ? በአሜሪካ የክፍለ ግዛቶች ሦስት አራተኛ መስማማት አለበት። በጀርመን አንቀጽ 79 ጨርሶ የማይነኩ መርሆች አሉት። በህንድ ጽሑፉ እንዲህ ያለ ዝርዝር የለውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1973 በኬሳቫናንዳ ጉዳይ 7 ለ6 ሆኖ ፓርላማ የሕገ መንግሥቱን መሠረታዊ መዋቅር ማፍረስ አይችልም ብሏል። የዳኛው ቃል የመጨረሻ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሳታውቁ የፍርዱን ክብደት መለካት አትችሉም።